የሙሚና ክንድ

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሸዋው ቁልል ሥር፣ አፋሮች «የሙሚና ክንድ» የሚሏቸው የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ከአንድ ክንድ በላይ አይቆፈሩም፤ መሣሪያ የያዘ ሰውም አይጠጋቸውም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በአንድ ክፉ የድርቅ ዘመን ውኃውን የሚጠብቁት ገዓስ የተባለ ዓሣ አጥማጅና ሚስቱ ሙሚና ነበሩ። ያዮ የሚባል ሰው የተጠሙ ግመሎቹን እየነዳ፣ የታጠቁ ዘመዶቹን አስከትሎ ከበረሃው መጣ። ገዓስ «እናንተ ጠጡ፤ ግመሎቹ ግን ቀስ እያሉ በተራ ይጠጣሉ» ቢለው፣ ያዮ ጊሌ የሚባለውን ቆልማማ ጩቤውን መዝዞ ሆዱን ዘረገፈው ይባላል። ሬሳው ሳይነሣ መቆፈር ጀመሩ።

ሙሚና የባሏ ደም ልብሷን እንዳራሰው «አታጥልቁት! ጣፋጩ ውኃ ጨዋማው ላይ ነው የተኛው፤ አብዝታችሁ ከቀዳችሁ ባሕሩ ከሥር ይመጣባችኋል!» ብላ ጮኸች። በጦር ዘንግ አፏን መትተው ጥርሷን አረገፉት።

የሰው ቁመት ያህል ቆፍረው ሲቀዱ ዋሉ፤ ግመሎቹ ሳይረኩ ግን ውኃው መረረ፣ ቆይቶም እንደ ባሕሩ ጨው ሆነ። የጠጡት ሁሉ አስመለሳቸው። አንዱ ሌላውን «መርዝ ጨምረህብናል!» ብሎ ወጋው፤ የተወጋው ሰው ወንድም ደግሞ ወጊውን መልሶ ወጋው፤ ዘመዳሞቹ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ተራረዱ።

ያዮ ሙሚናን በፀጉሯ ጎትቶ «ምን ጨመርሽበት?» አላት።

«ምንም። ባሕሩን የጎተትከው አንተ ነህ።»

«ውኃ አውጪ፣ አለዚያ አርድሻለሁ!»

«ማረድ ትችላለህ። ጦር ለያዘ ሰው ግን አልቆፍርም።»

ከእልቂቱ የተረፉት በጥማት ሊሞቱ ደርሰው ነበርና ጦራቸውን አንድ በአንድ ጣሉ። ያዮ ግን ጊሌውን ሊሰነዝርባት እጁን ሲያነሣ፣ ታናሽ ወንድሙ ከኋላው በድንጋይ ጭንቅላቱን ፈጠፈጠው።

ሙሚና ዘወር ብላ እንኳ አላየችም። ከባሕሩ ርቃ ወደ ቁልሉ ሥር ሄደችና አሸዋውን በእጇ ጫረች፤ ክርኗ ሲሰምጥ ጣፋጭ ውኃ አቆረ። የያዮ ታናሽ ወንድም ደም በነካው እጁ ሊጨልፍ ሲጎነበስ ያዘችውና በራሷ መዳፍ ቀድታ ሰጠችው።

«ጠጣ» አለችው። «ከዚያ ተነሥና ባሌን ትቀብርልኛለህ።»

ያዮ ያስቆፈረው ጉድጓድ ዛሬም ክፍት ነው። ባሕሩ ሲሞላ ይሞላል፣ ባሕሩ ሲሸሽ ይጎድላል፤ ውስጡ የቀሩትን ሙታን ያወጣቸው እንደሌለም ይነገራል። ውኃው በጎደለ ጊዜ ግመል ነጂዎች ጨው ያነጣው አጥንት ያያሉ፤ እያዩም ያልፋሉ።