ተቀናቃኙን ዋና ያስተማረው ብስክሌተኛ

አንድ የወፍጮ ጠጋኝ ነበር። ስሙ ባንተይርጋ ይባላል፤ የሚኖረው በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት እየዞረ የደነዘዘ ድንጋይ ይወቅራል፣ የተበጠሰ ቺንጋ ይቀይራል፤ ማታ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ ወደ ቤቱ ይገባል። ዕድሜው አርባ ሦስት ነው። ሚስቱን እናንዬንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይወዳል። ከእነርሱ ቀጥሎ የሚወደው፣ አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ከእነርሱ አስቀድሞ የሚያስበው፣ ብስክሌቱን ነበር።

በከተማዋ እንደ እርሱ ለፍቅር ብለው የሚነዱ አሥራ አምስት የሚሆኑ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለ። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብለው ክሮኖ ይወዳደራሉ። ክሮኖ በጅምላ ተነሥቶ መሽቀዳደም አይደለም። እያንዳንዱ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለብቻው ይነሣል፣ ለብቻው ይነዳል፤ በሌላ ሰው ጀርባ ተጠልሎ ከነፋስ መሸሸግ ክልክል ነው። እስከ ድንጋዩ ድልድይ አሥር ኪሎ ሜትር መሄድ፣ አሥር ኪሎ ሜትር መመለስ። ሰዓት የሚይዙት ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ጋሽ ቸኮለ ናቸው። ስማቸው ቸኮለ ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያያቸው ሰው የለም።

ባንተይርጋ ክሮኖን የወደደው ለብቻ በመሆኑ ነበር። «እዚያ መንገድ ላይ የማንም ውለታ የለብኝም» ይላል። እናንዬ አንድ ቀን «መጥቼ ልይህ እንዴ?» ብትለው፣ «ምን ታያለሽ? አንድ ሰው ሲሄድ፣ አንድ ሰው ሲመለስ» ብሎ መለሰላት። ደግማ አልጠየቀችውም።

እንቅልፍ የሚነሣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሞተር ጀልባ ነጂው ሞላልኝ። መስከረም ላይ ሞላልኝ በሦስት ሰከንድ ቀደመው። ጥቅምት ላይ በአምስት። ባንተይርጋ የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅር እንኳ ያ ሰው ከፊቱ ጎንበስ ብሎ ሲነዳ ይታየዋል። የሚቆጣው ደግሞ ሞላልኝ ምንም ክፉ ነገር ስለሌለበት ነው። ሲያሸንፍ አይፎክርም፣ ሲሸነፍ አያኮርፍም።

ኅዳር ላይ ውድድሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው የሞላልኝ የፊት ጎማ ተነፈሰ። የውስጥ ጎማው እንዳይጠገን ሆኖ ተቀዷል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ጠየቀ፤ ትርፍ የያዘ አልተገኘም። በመጨረሻ ወደ ባንተይርጋ መጣ።

«ባንቴ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ ይዘሃል?»

ይዟል። አዲስ፣ ገና ከነማሸጊያው፣ ቦርሳው ውስጥ ተቀምጧል።

«የለኝም» አለው።

ሞላልኝ አንድ አፍታ አየውና «እሺ» ብሎ ሄደ። መንገድ ዳር ካለ ቤት አሮጌ ጎማ ለምኖ ገጠመና ተራው ካለፈ ከሰባት ደቂቃ በኋላ ተነሣ። በክሮኖ ሕግ ሰዓት ማንንም አይጠብቅም፤ የዘገየው ሰባት ደቂቃ ተቆጠረበት። ባንተይርጋ አንደኛ ወጣ። ጓደኞቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ቤቱ ሲገባ እናንዬ «ዛሬስ ቀናህ?» ብትለው «ቀናኝ» አላት፤ ቁርሱን ግን ግማሹን አስቀርቶ ተነሣ።

ታኅሣሥ ላይ ሞላልኝ በሃያ ሰከንድ ቀደመው። ስለ ጎማው አንድ ቃል አልተናገረም።

ጥር ላይ ጋሽ ቸኮለ ሁሉንም ሰብስበው አዲስ ነገር አበሠሩ። ግንቦት ላይ በከተማዋ የመጀመሪያው ትራያትሎን ሊካሄድ ነው። አምስት መቶ ሜትር በሐይቁ ላይ መዋኘት፣ ከውኃ ወጥቶ በብስክሌት እስከ ድልድዩ ደርሶ መልስ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ። ስሙን በመጀመሪያ ያስመዘገበው ባንተይርጋ ነው። ችግሩ እርሱ የደጋ ልጅ ነው። ሐይቁ ዳር ሃያ ዓመት ሲኖር ከጉልበቱ በላይ ገብቶ አያውቅም። ይህን ለማንም አልተናገረም። «እንደምንም ወጥቼ በብስክሌቱ አካክሰዋለሁ» ብሎ አሰበ።

የካቲት ላይ አንድ እሑድ ማለዳ ለብቻው ወደ ሐይቁ ወረደ። እስከ ወገቡ ገባ። ዳር የበቀለውን ደንገል በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ውኃውን ሲመታ እግሩ ጭቃው ላይ አንሸራተተውና ሰመጠ። ውኃ ዋጠ። እየተንፈራገጠ ተነሣ፤ እንደገና ወደቀ። ሲያስል፣ ሲያስመልሰው፣ ከዳር ሆኖ አንድ ድምፅ ጠራው። ጀልባውን የሚያጥበው ሞላልኝ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ዋና እየተለማመድኩ ነው።»

«ይህ ዋና አይደለም፤ መስጠም ነው። ያውም በወገብ ውኃ።» ቀርቦ እጁን ይዞ አወጣው። «ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ና። ጀልባዬ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰዓት አለኝ፤ አስተምርሃለሁ።»

ባንተይርጋ ጆሮውን አላመነም። «አንተ እኔን? ዋና ካወቅኩ እኮ እበልጥሃለሁ።»

ሞላልኝ አልሳቀም። «እዚህ ሐይቅ ላይ ሰው ሲሰጥም የሚጠሩት እኔን ነው። ካቻምና ሁለት፣ አምና አንድ ሰው በእነዚህ እጆቼ አውጥቻለሁ። አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም። ግንቦት ላይ ደግሞ አንተን ማውጣት አልፈልግም። ከበለጥከኝ ብለጠኝ።»

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባንተይርጋ መሬት ከእግሩ ሥር እንደከዳው ሰው ተንፈራገጠ። ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ውኃው ግን ጉልበቱን ከምንም አይቆጥርለትም። ሞላልኝ ከጀርባው በሁለት እጁ ደግፎ ይይዘውና ያንኑ ቃል ይደጋግምለታል፦ «አትታገለው። ስትታገለው ይውጥሃል፤ ስትተኛበት ይሸከምሃል። አንገትህን አታደንድን።»

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ሞላልኝ ሳይነግረው እጆቹን አወጣ። ባንተይርጋ ውኃው ላይ ተኝቷል። ጆሮዎቹ ውኃ ውስጥ ናቸው፤ ከትንፋሹ በቀር የሚሰማው የለም። ከበላዩ የይብራ ወፎች ተሰልፈው ያልፋሉ። ማንም እንዳልያዘው ሲገባው አልፈራም። ይልቅ ደረቱ ውስጥ ለወራት ታንቆ የነበረ ነገር ላላ። ተነሥቶ ቆመ።

«ሞላልኝ፣ ኅዳር ላይ ጎማ ነበረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ቦርሳህ ክፍት ነበር። አይቼዋለሁ።»

ባንተይርጋ ውኃው ከደረቱ እየተንጠባጠበ ወደ እርሱ ዞረ። «እያወቅክ ነው ይህን ሁሉ ያስተማርከኝ?»

«ወር ሙሉ ተናድጄብህ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ታኅሣሥ ላይ የነዳሁት በንዴት ነው። ሃያ ሰከንድ የበለጥኩህም ለዚያ ነው።» አሁን ፈገግ አለ። «ከዚያ ንዴቱ አለቀ። ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ማን እንደሚሳፈር አይመርጥም፤ የተሳፈረውን ሁሉ ማሻገር ነው።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታውንማ ድሮ ጨርሼዋለሁ። አሁን ተኛ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ያን ቀን ማታ ባንተይርጋ ለእናንዬ ሁሉን ነገራት፤ ጎማውንም ዋናውንም። ሲጨርስ «ግንቦት ላይ ልጆቹን ይዘሽ ነይ» አላት። «አንድ ሰው ሲሄድ ለማየት ነው?» ብትለው፣ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ቀኑ ደረሰ። ከጎረቤት ከተሞች የመጡትን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ሐይቁ ዳር ተሰለፉ። የሚዞሩበት ቦታ ውኃው ላይ በሚንሳፈፉ ቢጫ ጀሪካኖች ምልክት ተደርጎበታል። ፊሽካው ሲነፋ ሞላልኝ እንደ ዓሣ ተስፈንጥሮ ሄደ። ባንተይርጋ ከኋላ ቀረ። ሁለተኛውን ጀሪካን ሲዞር ማዕበል አፉ ውስጥ ገባ፤ የድሮው ፍርሃት ተመለሰና በአጠገቡ የነበረችውን የነፍስ አድን ጀልባ ገመድ ጨበጠ።

ጀልባዋ ላይ የነበረችው ነርስ ጎንበስ አለች። «ላውጣህ? ትንፋሽ እስክታገኝ መያዝ ይፈቀድልሃል፤ ከወጣህ ግን ውድድሩ አበቃ።»

ባንተይርጋ ገመዱን አጥብቆ ያዘ። ተነፈሰ። እንደገና ተነፈሰ። ከዚያ ገመዱን ለቀቀና በጀርባው ተኛ። ውኃው ተሸከመው። ትንፋሹ ሲረጋ ተገልብጦ ቀዘፈ።

ከሁሉም መጨረሻ ወጣ። ዳር ላይ የቀሩት እናንዬና ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ፊታቸው በእንባ ርሷል። ሊያቅፋቸው ሲል እናንዬ ጫማውን ደረቱ ላይ ገፋችለትና «ኋላ ታቅፈናለህ፤ ሂድ!» አለችው።

ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ወደ ድልድዩ ሲወርድ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊት ለፊቱ አንድ ብስክሌተኛ ድልድዩን ዞሮ እየተመለሰ መጣ። ሞላልኝ ነው፤ ውድድሩን እየመራ። ባንተይርጋን ሲያይ ከመሪው ቀና ብሎ፣

«ወጣህ?» ብሎ ጮኸ።

«ወጣሁ!»

ሞላልኝ አንድ እጁን ወደ ሰማይ አነሣና እየሳቀ አለፈ። ባንተይርጋ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደነዳ አያውቅም። የሚያውቀው ደስ ይለው እንደነበረ ብቻ ነው። ሩጫው ላይ እግሮቹ ከዱት፤ ሁለት ሰዎች መልሰው ቀደሙት። ሰባተኛ ሆኖ ገባ። አንደኛ የወጣው ሞላልኝ ነበር።

ጋሽ ቸኮለ ወረቀታቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። «የብስክሌቱን ሰዓት ለብቻ ይዤዋለሁ» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ። የዛሬው ፈጣን አንተ ነህ። ዓመቱን ሙሉም እንዲህ ነድተህ አታውቅም። ከውኃ ደክመህ ወጥተህ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ሞላልኝ ከፊት ነበረ። እርሱን ልይ ብዬ ነው የነዳሁት።»

ከዚያ ሞላልኝን ፈልጎ አገኘው። እርጥብ ሣር ላይ ተጋድሞ እግሩን ያሻል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

«ስለ ዋናው ከሆነ ስንቴ አመሰገንከኝ።»

«ስለ ዋናው አይደለም፤ ስለ ቀደምከኝ ነው። አንተ ባትኖር ይህችን መንገድ በሠላሳ አምስት ደቂቃ እየነዳሁ ፈጣን ነኝ የምል ሰው ሆኜ እቀር ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሰጠኸኝን ሰከንድ ሁሉ የነጠቅከኝ እየመሰለኝ ጠላሁህ።»

ሞላልኝ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «እኔንስ በዝናብ ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ ማን ይመስልሃል? ‹ባንቴ አሁን እየነዳ ነው› እያልኩ እኮ ነው የምወጣው። እንግዲያው እኩል ነን፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ።»

ያን ዕለት ሁለቱ ቤተሰቦች ሐይቁ ዳር አንድ ትሪ ከበው የተጠበሰ ዓሣ በሉ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች በየእሑዱ ማለዳ ዋና ማስተማር ጀመሩ። የባንተይርጋ ልጆች ተማሩ፤ ልብስ ሰፊው ተማረ፤ ሐይቁ ዳር ተወልደው ውኃ ይፈሩ የነበሩ ሁለት የወፍጮ ቤት ባለቤቶችም ተማሩ። ባንተይርጋ ጀማሪ በደገፈ ቁጥር ከጀርባ ሆኖ የሚለው ቃል ሞላልኝ ያለውን ነው። በክሮኖውም አሁን ድረስ ይፎካከራሉ። አንዱ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው አጨብጫቢ ሌላው ነው።

ወዳጆቼ፣ ወላጅን ማመስገን እናውቃለን፤ መምህርንም፣ የደገፈንንም እናመሰግናለን። የቀደመንን ሰው ግን የምናስበው እንደ ነጣቂ ነው። እርሱ ግን ከኛ የወሰደው ነገር የለም። ገና ምን ያህል መሄድ እንደምንችል ከፊታችን ሆኖ አሳየን እንጂ። ለብቻችን በሮጥንበት መንገድ ላይ እንኳ ያስሮጠን ሰው አለ። እርሱን ያመሰገነ ሰው ቢሸነፍም አይከስርም፤ የጠላው ግን አሸንፎም ደስታ አያገኝም።

እስቲ ዛሬ አንድ አፍታ ቆም ብለህ አስብ፤ እስቲ አስቢ፦ በሥራም፣ በትምህርትም፣ በኑሮም ጥቂት ቀድሞ ያበረታህ፣ ያበረታሽ ሰው ማን ነው? ለዚያ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» የምንለው መቼ ነው?