ከርከሮ፣ ቁርበቷ እና ኳስ ደርዳሪው ጅብ

«ተረት አለኝ» ስላችሁ «ጆሮ አለን» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ዕቃም ዝም በማይልበት ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። ከዋርካው ሥር ደግሞ አንድ የፑል ጠረጴዛ ነበረ። የፑል ጠረጴዛ እዚያ ምን ይሠራል አትበሉኝ። የሰው ልጅ ጭኖት ሲሄድ መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ተንሸራተተ፤ ሰውየው ነፍሱን ይዞ ሮጠ፣ ጠረጴዛው ቀረ። ሰው የጣለውን እንስሳ ያነሳል።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነበር። በጋ ገብቶ ምንጯ መቅጠን ስትጀምር እንስሳቱ ከዋርካው ሥር ይሰበሰባሉ። አሥራ አምስቱ ኳሶች በሦስት ማዕዘን እንጨት ተይዘው ይደረደራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ በተራው ስቲኩን፣ ማለት ረጅሙን የመምቻ ዘንግ፣ ይዞ በነጩ ኳስ ይመታቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ። መክፈቻ ምት ይሉታል። በዚያች ምት ብዙ ኳስ ቀዳዳ ያስገባ፣ በጋውን ሙሉ ከነዘመዱ አንደኛ ይጠጣል። ምንም ያላስገባ ኋላ ይሰለፋል። መጨረሻ መጠጣት ማለት ጭቃ መላስ ማለት ነው።

ኳሶቹን የሚደረድረው አያ ጅቦ ነበር። «ከአባቴ የወረስኩት ሹመት ነው» ይላል። በየዓመቱ አንደኛ የሚጠጣውም አያ ጅቦ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች አጠጋግቶ ያየ ግን አልነበረም።

መጨረሻ የሚጠጣው ከርከሮ ነበር። ጉልበት አልጎደለውም፤ አንገቱ እንደ ግንድ ነው። ግን ሲመታ ወይ ነጩ ኳስ ከጠረጴዛው ዘሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ ወይ የተደረደሩት «ዱብ» ብለው ባሉበት ይቀራሉ። እንስሳቱም «ከርከሮ ድንቹን ይቆፍር እንጂ ኳስ ምን አገባው!» እያሉ ይስቁበታል።

ባለፈው በጋ ከጭቃው የጠጣ አንድ ግልገሉ ሆዱ ተነፍቶ ሞተበት። ዘንድሮ ሚስቱ አራት ወልዳለች፤ የአራቱም እግር ገና አልጠናም። በጋው ሲቃረብ ሚስቱ፦ «የልጆቼ አባት፣ ዘንድሮም ጭቃ ልታጠጣቸው ነው?» አለችው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፉም ሄደ፣ እምነቱም ሄደ። ነፋስ ሲነፍስ «ማን ላከህ?» ይላል። ቅጠል ሲረግፍ «ምን ፈልገህ ነው?» ይላል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጃርት አንድ የተጠቀለለ ነገር እሾሁ ላይ ሰክቶ መጣ።

«ከርከሮ ወንድሜ፣ ስጦታ አመጣሁልህ።»

«ከአንተ?» አለና ከርከሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «አምና ድንች ማሳ ስንገባ "አንተ ቆፍር፣ እኔ እጠብቃለሁ" ብለህ፣ ውሻ ሲመጣ ብቻህን የሮጥከው ጃርት?»

«ጮኼልህ ነበር እኮ።»

«ከሩቅ ነዋ የጮህከው!»

«ከሩቅም ቢሆን ጮኼያለሁ» አለ ጃርት፤ ጥቅሉንም መሬት ላይ ዘረጋው። ስስ የፍየል ቁርበት ነው። መሃሉ ላይ አሥራ አምስት ቀዳዳ በሦስት ማዕዘን ተበስቷል። «በእሾሄ በስቼ በጥርሴ አሰፋሁት። ቁርበቷን ጠረጴዛው ላይ ታነጥፋለህ፣ ኳሶቹን በየቀዳዳው ታስቀምጣለህ፣ ተጠጋግተው ይይዛሉ። ከዚያ ትመታለህ። መለማመጃ ናት። አያ ጅቦ እንደሆነ ቀን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው።»

«አንተስ ራስህ ለምን አትለማመድባትም?»

«በዚህ አጭር እጄ? ስቲኩ ራሱ ነው የሚጥለኝ። አንተ ካሸነፍክ ከአንተ ቀጥዬ ልጠጣ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ከርከሮ ቁርበቷን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነክሶ ተቀበለ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ዘረጋት።

«ቀስ! ጎኔን አትቧጭረው!» አለች ቁርበቷ።

ከርከሮ ዘለለ። «አንቺም ትናገሪያለሽ?»

«በዚህ ዘመን የማይናገር ማን አለ?» አለችና ወደ ኳሶቹ ዞረች። «ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ!» ኳሶቹም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጉ።

ከርከሮ ባለ በሌለ ጉልበቱ መታ። ነጩ ኳስ በረረና ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ከቁጥቋጦውም «አንተ ጥርሳም! ሆዴን ምታ እንጂ ጆሮዬ ምን አደረገህ!» ብሎ ጮኸ። ፈልጎ አመጣው። ደግሞ መታ፤ ደግሞ በረረ፤ ደግሞ ተሰደበ። በሦስተኛው ከርከሮ ትንፋሹን ዋጠ፣ ጉልበቱን ግማሹን አስቀረ፣ የነጩን ኳስ ሆድ አይቶ መታ።

«ጧ!»

ኳሶቹ ብትንትን አሉ። ሦስት ገቡ።

ሌላ ቢሆን ይጨፍር ነበር። ከርከሮ ግን ፀጉሩ ቆመ። «ይሄ መተት ነው! ፈጣሪዬ ሆይ ጠብቀኝ!» ብሎ ስቲኩን ጥሎ እስከ ቤቱ ሮጠ። ሚስቱ ነገሩን ሁሉ ሰምታ፦ «መተት ቢሆን ኳሱን ሁለት ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ትፈልገው ነበር?» አለችው።

በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። መጣ እንጂ አልቀረበም። ቁርበቷን ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አሸተተ።

«የማን ነሽ?»

«የፍየል።»

«ፍየሏስ የት አለች?»

«አያ ጅቦ ሆድ ውስጥ። ሥጋዋን በላ፣ እኔን ለነገ ብሎ አስቀመጠኝ። ጃርት ነው ሰርቆ ያወጣኝ።»

«ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም።»

ከርከሮ ጥርሱን አፋጨ። «"ምንም" የሚል ሁሉንም ነው የሚፈልግ። ጠቅልዬ ልመልስሽ?»

ቁርበቷ በትንሽ ድምፅ፦ «እሺ። አያ ጅቦ በአደባባይ ሲያፍር ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

«አሁን ገና አመንኩሽ» አለ ከርከሮ። ያን ቀን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲመታ ዋለ። ነጩ ኳስም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰደበው።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ጥርጣሬ ይዞት መጣ። «የምመታው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» ቁርበቷን አንስቶ ሣር ላይ አስቀመጣት። ኳሶቹን በሦስት ማዕዘኑ እንጨት ደረደረ። ሌላ አደራደር አያውቅም፤ አያ ጅቦ ሲያደርግ እንዳየው ሞላ፣ አያ ጅቦ እንደሚያደርገው እንጨቱን ሲያነሳ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። መታ።

«ዱብ።»

«አየሽ!» ብሎ ጮኸ። «ያለ አንቺ ምንም እንዳልሆን ነው የመጣሽው! ልታስሪኝ ነው!»

«ከመሳደብህ በፊት እንደ ቅድሙ ደርድርና ጎንበስ በል» አለች ቁርበቷ ከሣሩ ላይ። «በኳሶቹ መሃል እይ። ብርሃን አለ?»

ደርድሮ ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «አለ። ክር የምታህል።»

«ጉልበትህን የምትጠጣብህ ያቺ ክፍተት ናት።»

ከርከሮ ኳሶቹን በአፍንጫው ገፋ ገፋ አድርጎ አጠጋጋቸው። ብርሃኗ ጠፋች። መታ። «ጧ!» አራት ገቡ። ቁርበቷም ሣር ላይ ነች።

ስቲኩን ተደግፎ ቀስ ብሎ፦ «እኔ እንጨቱን ያነሳሁት እኮ አያ ጅቦ ለእኛ እንደሚያነሳው ነው» አለ። ነገሩን በሆዱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። እንስሳው ሁሉ በጠዋት ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው አባ ኤሊ ነበሩ፤ እንዳይዘገዩ ብለው ከሦስት ቀን በፊት ነው ከቤታቸው የተነሱት። አያ ጅቦ እያዛጋ መጣ። ከርከሮም ቁርበቷን ይዞ ቀረበና «አባ ኤሊ፣ በዚች ላይ ቢደረደርልኝ?» አለ።

የአያ ጅቦ ማዛጋት ቆመ፣ አፍንጫው ነቃ። «እስቲ ለምርመራ ወዲህ በላት» አለ። ተቀበለ። አሸተተ። ላሰ። ዋጠ።

«ሕገ ወጥ ዕቃ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «ወርሻታለሁ።»

እንስሳው ሳቀ። የከርከሮ ሚስት ግን ግልገሎቿን ሰብስባ አለቀሰች። ከርከሮ ወደ ዋርካው ቅጠል ቀና ብሎ በልቡ፦ «ፈጣሪዬ፣ ጥርጣሬውን ሰጥተኸኛል፤ አሁን ደግሞ አፍ ስጠኝ» አለ።

ምቱ ተጀመረ። አያ ጅቦ ደረደረ፣ ሚዳቋ መታች፤ ዱብ። አያ ጅቦ ደረደረ፣ ጦጣ መታች፤ ዱብ። አያ ጅቦ ደረደረ፣ ጃርት መታ፤ ዱብ ብሎ የወደቀው ጃርት ራሱ ነበር። ከዚያ የከርከሮ ተራ ሆነ። አያ ጅቦ ኳሶቹን ሞላ። እንጨቱን ሲያነሳም፣ ዝንብ የሚያባርር መስሎ፣ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ከርከሮ ጎንበስ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ትፈልጋለህ? ድንች ጠፋህ?» አለ አያ ጅቦ። እንስሳው አስካካ።

ከርከሮ ቀና አለ። «አያ ጅቦ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአገራችን ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት ምን ያደርጋል?»

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ! መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል።»

«ለምን?»

«መርዝ እንደሌለበት እንዲታይ ነዋ!»

«ደግ። ይሄን ያቀረብክልኝ አንተ ነህ። እንግዲያው ቅመስልኝ። የደረደርከውን አንተ ምታው፤ ይሄ የአንተ ተራ ይሁን።»

አያ ጅቦ ለመሳቅ ሞከረ። «የእኔ ተራ መጨረሻ ነው።»

«ጥሩ አድርገህ ከደረደርከው መጀመሪያ ምን፣ መጨረሻ ምን?»

«እንግዲያው ትንሽ ላስተካክለውና...» ብሎ እጁን ወደ እንጨቱ ሰደደ።

አባ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ። «ምኑን ነው የምታስተካክለው? ለከርከሮ ሲሆን ጠማማ ነበር?»

አያ ጅቦ እጁን መለሰ። ጠማማ ነው ቢል ጉድ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው ቢል መምታት አለበት። ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ከሆዱ ውስጥ ድምፅ ወጣ፦ «ቅመስ እንጂ አያ ጅቦ! እኔን ስትቀምስ መች ፈራህ!»

እንስሳው ሁሉ ወደ ሆዱ አየ። አያ ጅቦ ሆዱን በአንድ እጁ ሸፍኖ፣ ስቲኩን በሌላው አንስቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ።

«ዱብ።»

አንድም አልገባ። ሚዳቋ ወደ ኳሶቹ አየች፣ ወደ አያ ጅቦ አየች። «እንዲህ ነው እንዴ ሁላችንን ጭቃ ስታጠጣን የኖርከው?» አለች።

«ቀመሰው» አሉ አባ ኤሊ። «አያ ጅቦ ተራውን ጨርሷል። ከዛሬ ጀምሮ የሚመታ ራሱ ይደርድር። ቀድሞ የመታም ይድገም።»

ከርከሮ ራሱ ደረደረ። በአፍንጫው ገፋ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ብርሃን የለም። «ጠጋ በሉ ልጆቼ» አላቸው በሹክሹክታ። ነጩ ኳስ «ሆዴን!» አለው። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለና መታ።

«ጧ!» አራት ገቡ። ሌሎቹም ደገሙ፤ ሚዳቋ ሁለት አስገባች፣ ጦጣ አንድ። ከከርከሮ ሌላ አራት ያስገባ ግን ማንም አልነበረ።

ከርከሮ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምንጯ ወረደ። ውሃው ጥርት ብሎ ጠጠሩ ይታያል። ግልገሎቹ ሊሮጡ ሲሉ በእግሩ ከለከላቸው። ጎንበስ ብሎ ራሱ ቀመሰ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ጠጡ» አላቸው። ጃርት ቀጥሎ ጠጣ፤ ቃል ቃል ነው። ከርከሮ ጭቃ ላይ መንከባለል ልማዱ ነበር፤ ያን በጋ ግን ከምንጯ ርቆ ሄዶ ተንከባለለ።

መጨረሻ ላይ የአያ ጅቦ ተራ ደረሰ። ውሃው እንደጠራ ነበር፤ ማንም አላደፈረሰውም። አያ ጅቦ አየው። አሸተተው። ምላሱን አወጣ፣ መለሰ። እሱ በዓመት በዓመት ለሌላው ጭቃ ነበር የሚያስቀረው፤ ለእሱ ንጹሕ ውሃ ማን ያስቀርለታል? ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ምላሱ እስኪደርቅ ቆየና በመጨረሻ ተጣራ።

«አያ ከርከሮ!» አለ። እስከዚያ ቀን «አያ» ብሎት አያውቅም። «እባክህ... ቅመስልኝ።»

ከርከሮ ከተንከባለለበት ተነስቶ መጣ። ጎንበስ አለ፣ ጉንጩን ሞልቶ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ፣ ወደ ጭቃው ተመልሶ ሄደ። አያ ጅቦም ጠጣ።

ስለዚህ፣ የምትሰሙኝ ሁሉ፣ የደረደረ ይምታ፣ ያቀረበ ይቅመስ። ለሰው ጭቃ ያስቀረ፣ ንጹሕ ውሃ ይፈራል።

ተረቴን ምንጯ ዳር ትቼ መጣሁ። እኔ ቀምሼ ነው ያቀረብኩላችሁ፤ እናንተም ቅመሱና ለጎረቤት አቅርቡ።