ትደነቅ የሚባለው የፋሲካ መጠጥ

ከሸዋ ደጋ ጫፍ፣ ወደ ቆላው ቁልቁል በሚያየው ሰንበሌጥ አፋፍ በሚባለው አገር፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዘመድ ተሰብስቦ ማዕድ ሲቀርብ የሚጠጣ አንድ መጠጥ አለ፤ ስሙ ትደነቅ ይባላል። ጠጅ አይደለም፣ ጠላም አይደለም፤ ጌሾ አይነካውም፣ እስኪደርስም አይጠበቅም። ማር በቀዝቃዛ ውሃ ይበረዛል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ የተወቀጠ ዝንጅብል በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ ይገባበታል፣ ከዚያ አረቄ ጠብ ይደረግበትና በቅል ይማሰላል፤ አለቀ። ሰነፍም ይሠራዋል። ዛሬ ዛሬ ለበዓል ከከተማ የሚመጡ አንዳንዶች ባለ ቀለም ጠርሙስ ደርድረው፣ በረዶ በብርጭቆ እያንቃጨሉ፣ «ኮክቴል እናስተምራችሁ» ሲሉ የአገሩ ሽማግሎች ክርክር አይገጥሙም። ጽዋቸውን ወደ ትደነቅ ገንቦ ይዘረጋሉ።

ይህን መጠጥ ሊቅ አልፈለሰፈውም፣ ሕልም ያየ መነኩሴም አላመጣውም። እንደሚነገረው የተገኘው ከአንድ ሰው ትዕቢት የተነሣ ነው። ትዕቢቱ የጀግና ትዕቢት ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ከሰው ደጅ ለምኖ ያመጣት ትዕቢት ነበረች።

ሰውየው ባላምባራስ ድልነሳሁ ይባላል። እናቱ ይህን ስም ስታወጣለት ምን ተስፋ አድርጋ እንደነበር አይታወቅም፤ እሱ ግን በዕድሜው ሙሉ ድል ነሣ የሚባልለት ነገር ቢኖር ከታናሽ ወንድሙ የወሰደው ለም መሬት ብቻ ነው። ሹመቱንም በጦር ሜዳ አላገኘውም። የአገሩ ገዥ በቅሎ ሲቀመጡ እርካብ ይይዝ ነበር፤ ሲወርዱም ይይዝ ነበር፤ ገዥው ሲያስሉ እሱም ያስል ነበር ይባላል። ገዥው በመጨረሻ፣ ወይ ወደውት ወይ ሰልችተውት፣ ባላምባራስ አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞር እምቢ አለው።

እናቱ እመት የውብዳር በሕይወት ነበሩ፤ የሚኖሩትም በእሱ ቤት፣ ማለትም ባላቸው በሠሩት በአባት ቤት ነበር። ስለዚህ ልጆችና የልጅ ልጆች ፋሲካን የሚፈቱት እዚያ ነው። ታላቅ እህቱ ትደነቅ ባሏ ሞቶባት በቆላው ሎሚና ዝንጅብል እያለማች የምትኖር ሴት ነበረች። ድልነሳሁ ሕፃን ሳለ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሙ ሽብሩ መሬቱን ከተቀማ ወዲህ በገደሉ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር ይቆርጥ ነበር። ባላምባራስ ግን ከተሾመ በኋላ የፋሲካውን ማዕድ እንደ ቤተ መንግሥት ግብር ሊያደርገው ቃጣው፤ ለራሱና ለሹም ወዳጆቹ ጠጅ፣ ለመካከለኛው እንግዳ ጠላ፣ በበሩ አጠገብ ለሚቀመጡት ለእህቱና ለወንድሙ ደግሞ ቅራሪ ያስቀዳ ጀመር። እነሱም ስለ እናታቸው ሲሉ ቅራሪውን ተጎንጭተው፣ እግዜር ይስጥልን ብለው ይሄዱ ነበር።

አንድ ዓመት ፊታውራሪ ገድሌ የተባሉ ትልቅ ሰው ልጃቸውን ለባላምባራስ ልጅ ለአሰገደች ያስቡ ጀመር። ልጅቱ መልከ መልካምና ጨዋ ናት፤ በአባቷ አለመውጣቷን አገሩ ሁሉ እንደ ተአምር ያወራው ነበር። ልጁንም እሷ አይታው ወዳዋለች። ፊታውራሪ «በፋሲካ መጥቼ ቤተ ሰቡን አያለሁ» ብለው ላኩ። ይህን ጊዜ ባላምባራስ መሬት አልበቃው አለ። ለጠጅ የተቀመጠውን ማር አብዛኛውን በገንቦ አስሞልቶ ለፊታውራሪ ደጅ አስከልካይና ለእልፍኝ አሽከሮቻቸው እጅ መንሻ ሰደደ፤ ለጠጁ የቀረውን ጥቂት ማር በውሃ አስረዝሞ በጌሾ አስደፈደፈው። ሚስቱ ወይዘሮ ስንዱ «ይህ ጠጅ አይሆንም» ብትለው «አንቺ ስለ ጠጅ ልታስተምሪኝ?» አላት። ከዚያም ወደ እህቱና ወደ ወንድሙ መልእክተኛ ላከ፤ መልእክቱም «ዘንድሮ ቤቱ ይጠባል፣ በየቤታችሁ ፍቱ» የሚል ነበር።

ትደነቅ መልእክተኛውን «ቤቱ ለእኛ ቢጠብ እናታችን ለእኛ አልጠበበችም፤ እናቴን ሳልስም ፋሲካ አልፈታም በለው» ብላ መለሰችው። በበዓሉም ቀን ሎሚዋንና ዝንጅብሏን በአገልግል ይዛ አቀበቱን ወጣች፤ ሽብሩም ለእናቱ የቆረጠውን ነጭ ማር ተሸክሞ ደረሰ። ባላምባራስ ደጅ ላይ ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ፤ ነገር ግን ፊታውራሪ መንገድ ላይ ስለ ነበሩ ጩኸት ፈራ። «ማድ ቤት ግቡ» አላቸው፣ «እንግዳዬ እስኪሄድ ብቅ እንዳትሉ።» ገቡ።

ፊታውራሪ ከነሎሌዎቻቸው ደርሰው፣ ከእመት የውብዳር አጠገብ በክብር ተቀምጠው፣ ሥጋውም ወጡም ቀርቦ፣ የጠጁ ጋን ተከፈተ። ወይዘሮ ስንዱ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ባላምባራስ ወደ ጓዳ ተጠርቶ ገባና ቀመሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሆምጣጤ ነዋ። ያልኩዎት ነው። ማሩን ለደጅ አስከልካይ ሰደዱት።»

«ጠላ ቅጂ እንግዲያ!»

«ለፊታውራሪ ጠላ? ጠላ የበታች መጠጥ ነው ብለው ያወጁት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ባላምባራስ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ ጋኑን፣ በመጨረሻም ጌሾውን ረገመ፤ ራሱን መርገም ግን ትዝ አላለውም። «አንድ ነገር አድርጊ!» ብሎ ወደ እንግዳው ተመልሶ እጁን እያፋተገ ይሥቅ ጀመር። ወይዘሮ ስንዱ የምታደርገው ቢጠፋት ወደ ማድ ቤት ሄዳ ለትደነቅ ነገረቻት። ትደነቅም ጥቂት አሰበችና «አረቄ አለሽ?» አለቻት።

«ለሆድ ቁርጠት ያኖርኳት አለች።»

«አምጫት። ሽብሩ፣ ማሩን ስጠኝ።»

ሽብሩ ማሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ይኼ የእናቴ ማር ነው። መሬቴን የበላ ሰው ደግሞ በማሬ ሊኮራ? አልሰጥም።»

«ለእሱ መች አልኩህ?» አለችው። «ልጅቱን እያት፤ እዚያ ጥግ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ምን አጠፋች? ያንተም ልጅ አይደለችም?»

ሽብሩ አሰገደችን አየና ማሩን ለትደነቅ ሰጣት። ትደነቅ በረዘችው፣ ሎሚውን ጨመቀች፣ ዝንጅብሉን ወቅጣ አጠለለች፣ አረቄውን ጠብ አደረገችበትና ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች። በብርሌ ተቀድቶ ቀረበ።

በዚያ ዘመን ለትልቅ ሰው የሚቀዳ መጠጥ፣ መርዝ እንደሌለበት እንዲታወቅ፣ በአሳላፊው መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ ይቀመስ ነበር፤ በዚያ ግርግር ግን አሳላፊው ዘነጋው። ፊታውራሪ ተጎነጩ፤ ደገሙ፤ ፊታቸው ፈካ።

«ባላምባራስ፣ ይህ ምን ዓይነት ጠጅ ነው? እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም።»

«የቤታችን ምሥጢር ነው ጌታዬ» አለ ባላምባራስ፣ አንድም ጠብታ ሳይቀምስለት። «ከአያት ከቅድመ አያቴ የወረስኩት ነው፤ በገዛ እጄ ነው ያዘጋጀሁልዎ።» በዙሪያው የተቀመጡት አጎብዳጆችም «እውነት ነው፣ የባላምባራስ እጅ የታወቀ ነው» አሉ። ከእነሱ አንዱም ባላምባራስ እንኳን ጠጅ ሊጥል ውሃ ሲቀዳ አይቶ አያውቅም።

ፊታውራሪ በደስታ ብርሌውን ጭልጥ አደረጉት፤ ይህን ጊዜ የዝንጅብሉ እንጥፍጣፊ ጉሮሮአቸውን ያዘው። አሳላቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አረቄውም ደረታቸውን አጋለው። ጠላት የበዛባቸው ሰው ነበሩና ሎሌዎቻቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ሰይፋቸው ሰደዱ። ፊታውራሪ ትንፋሻቸው ሲመለስ «ምን አገባህበት?» አሉ።

ባላምባራስ ምን ይመልስ? አያውቀውማ። የአያቶቹ ምሥጢር አፉ ውስጥ ደረቀ። «እኔ አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ አልነካሁትም! ማድ ቤት ያሉት ናቸው ያደረጉት!»

«ማድ ቤት ያሉት እነማን ናቸው?»

«ገረዶች ናቸው ጌታዬ! ከቆላ የመጣች ገረድ ናት፤ ከፈለጉ አሁኑኑ አስገርፋታለሁ።»

እመት የውብዳር ይህን ሲሰሙ የያዙትን ጉርሻ ወደ ገበታው መለሱት ይባላል።

ትደነቅ ተጠራች። እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ገብታ እጅ ነሣች።

«አንቺ ነሽ ያዘጋጀሽው?» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አለበት?»

«ማር፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ጥቂት አረቄ። ያነቀዎ ዝንጅብሉ ነው፤ የቸኮለ ሰው ያንቃል።» ይህን ብላ ገንቦውን አስመጣች፣ በቅል ቀዳችና በሰው ሁሉ ፊት ጠጥታ ጨረሰችው። ከዚያም ቆማ ጠበቀች። ምንም አልሆነችም። ፊታውራሪ ሣቁ፤ ሎሌዎቹም ተቀመጡ።

«ጎበዝ ሴት ነሽ። የማን ገረድ ነሽ?»

ትደነቅ ወንድሟን አየችው። ቁጣም ልመናም በፊቷ አልነበረም፤ እንዲናገር ጊዜ ሰጠችው። «ባላምባራስ ይንገሩዎት» አለች።

ባላምባራስ ምንጣፉን እያየ «የማድ ቤት ሰው ናት አልኩ እኮ ጌታዬ» አለ። «ትውጣ አሁን፤ ጨዋታችንን አናቋርጥ።»

ይህን ጊዜ እመት የውብዳር በምርኩዛቸው ተነሡ። «ፊታውራሪ» አሉ፣ «ይህች ገረድ ከሆነች እኔ የገረድ እናት ነኝ። ሁለቱንም የወለድኩት በዚህ ማሕፀን፣ ያጠባሁትም በዚህ ጡት ነው። የገረድ እናት ደግሞ ቦታዋ እልፍኝ አይደለም።» የትደነቅን እጅ ይዘው ወደ ማድ ቤት ወጡ። ወይዘሮ ስንዱ ከጓዳ ወጥታ ተከተለቻቸው።

ባላምባራስ «አርጅተዋል፣ አይፍረዱባቸው» ብሎ ሊሥቅ ሞከረ፤ የሣቀለት ግን አልነበረም። ፊታውራሪም «ዛሬ እህቱን ገረድ ያለ ሰው ነገ እኔን እርካብ ያዤ ነበር ይላል» አሉ። ተነሡ። ባላምባራስ ሊሄዱ ነው ብሎ እግራቸው ሥር ተደፋ፤ እሳቸው ግን ተራምደውት አለፉና ጎንበስ ብለው ወደ ማድ ቤቱ ገቡ፤ በምድጃው አጠገብ ባገኙት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እመት የውብዳር» አሉ፣ «የልጅ ልጅዎን ለልጄ ብጠይቅ ይሰጡኛል?»

«አባቷን አይጠይቁም?»

«አባቷን አየሁት።»

እመት የውብዳርም አሰገደችን አዩአት፤ ልጅቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ «ሰጥቻለሁ» አሉ። ትደነቅም ቀዳችላቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ፊታውራሪ ቀስ ብለው ጠጡ። ሎሌዎቹም ገቡ። ቀጥሎ አጎብዳጆቹ፣ መጠጥና ትልቅ ሰው ያለበትን ማሽተት ልማዳቸው ነውና፣ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ መጥተው በማድ ቤቱ በር ላይ «የትደነቅ እጅ የታወቀ ነው» ይሉ ጀመር። በእልፍኙ ባላምባራስ ከሆምጣጤው ጋን ጋር ብቻውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ እመት የውብዳር ቆላ ወርደው በትደነቅ ቤት ተቀመጡ፤ ዘመድም ፋሲካን እዚያ ይፈታ ጀመር። እያንዳንዱ ካለው፣ ማር ያለው ማር፣ አረቄ ያለው አረቄ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም በአንድ ገንቦ ይደባለቃል፤ የደባለቀው ሰውም አስቀድሞ ይጠጣል። ባላምባራስ ለጥቂት ዓመታት ጋኖቹን እየደረደረ እንግዳ ጠበቀ፤ የመጣለት የለም። በኋላ የአገሩ ገዥ ሞቱ፤ አዲሱ ገዥ ደግሞ እርካባቸውን የሚይዝ የራሳቸው ሰው ነበራቸው። ያን ዓመት በፋሲካ ድልነሳሁ ቁልቁለቱን ወርዶ በእህቱ ደጃፍ ቆመ። ማንም አላባረረውም፤ ማንም አልተነሣለትም።

እመት የውብዳር ጽዋ አስቀዱና በእጃቸው እንደያዙት «ማን ደባለቀው?» አሉት።

«ትደነቅ» አለ።

«ትደነቅ ምንህ ናት?»

ድልነሳሁ ጽዋውን አየ፣ እናቱን አየ፣ በመጨረሻም እህቱን አየ። «እህቴ ናት» አለ፤ ድምፁ ግን አልተሰማም። «ከበር አጠገብ ያሉት አልሰሙህም» አሉት እናቱ። «እህቴ ናት!» አለ። ያን ጊዜ ጽዋውን ሰጡት። አንዳንድ ሽማግሎች ሲጠጣ እንባው ይወርድ ነበር ይላሉ። ሌሎቹ ግን ዝንጅብል ነው ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ዛሬም በሰንበሌጥ አፋፍ በፋሲካ ማዕድ ላይ የቤቱ ጌታ ጽዋ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ከመጠጣቱም በፊት በዕድሜ የገፋችው ሴት «ማን ደባለቀው?» ትለዋለች። የደባለቀው ልጁም ይሁን ጎረቤቱ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ መልሱ አንድ ነው፤ «እህቴ ናት!» ይላል፣ ቤቱም ይሥቃል። ከድልነሳሁ ዘር የሆኑት ግን እዚህ ላይ ሲደርሱ እስከ ዛሬ ድረስ ድምፃቸው ዝቅ ይላል ይባላል፤ ስለዚህ እነሱ ሁለት ጊዜ ይጠየቃሉ።