ደብሪቱ ሥራ አጥነቷን ያስመሰከረች ዕለት

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የቸኮለ ይለፍ!

ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጆንያ ፋብሪካ የጆንያ አፍ ስትሰፋ ኖራ፣ ፋብሪካው ተዘጋና ከነመርፌዋ ቤቷ ገባች። ወራት አለፉ። አንድ ሳምንት፣ "ከሥራ የተፈናቀሉ ሰዎች በችግኝ ጣቢያ ይቀጠራሉ፣ ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል" ተባለ። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሥራ የላትም" የሚል ደብዳቤ። ደብሪቱም የፈለገችው ይህችኑ አንዲት ወረቀት ነበር።

ዓርብ በጠዋት ደብዳቤውን ወደሚሰጠው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደች። "ጌታዬ፣ ሥራ እንደሌለኝ ይጻፉልኝ" አለችው ጸሐፊውን።

"እናቴ፣ ማኅተም የማይመታበትን ደብዳቤ ጽፌ እጄን አላደክምም። መጀመሪያ ማኅተም ያዧን ያነጋግሩ።"

ጸሐፊው አልጽፍ አለ። ደብሪቱ ወደ ማኅተም ያዧ ሄደች። ማኅተም ያዧ መሳቢያዋን በጉልበቷ ደግፋ ተቀምጣለች።

"ምን ብዬ ልምታ?" አለች። "አምና 'ሥራ አጥ' ነበር የምንለው። ከዚያ 'ሥራ ፈላጊ' በሉ ተባልን። ትናንት ደግሞ 'ወደ ሥራ ተጓዥ' ሊባል ነው የሚል ወሬ አለ። አዲሱ መመሪያ ሳይወጣ አልመታም።"

"እኔ እኮ ሥራ አጥም፣ ፈላጊም፣ ተጓዥም ነኝ። ይኸው በእግሬ መጣሁ!"

"መመሪያ አርቃቂውን ጠይቂ።"

ጸሐፊው አልጽፍ አለ፤ ማኅተም ያዧ አልመታ አለች። ደብሪቱ ደረጃውን ወጥታ አርቃቂውን አገኘችው። ሰውየው አንድ ወረቀት አነሣና አሳያት። "በከተማችን" ይላል፤ ከዚያ የመዳፍ ስፋት የሚያህል ባዶ ቦታ፤ ከዚያ "ሥራ የሌላቸው ሰዎች ስላሉ" ይላል።

"ባዶው ቦታ ካልተሞላ መመሪያው ለማን ይወጣል?" አላት። "ሥራ አጡን የሚቆጥረው ቆጣሪ ቁጥሩን ያምጣልኝና አረቅቃለሁ።"

ጸሐፊው አልጽፍ አለ፤ ማኅተም ያዧ አልመታ አለች፤ አርቃቂው አላረቅቅ አለ። ደብሪቱ ቆጣሪውን ፍለጋ ወረደች። ቆጣሪው ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን እያሸ ነበር።

"ወንድሜ፣ እባክህ እኔን ቁጠረኝ።"

"አልችልም እናቴ። ከማክሰኞ ጀምሮ የመሥሪያ ቤታችን ክበብ ምግብ የለውም። በባዶ ሆዴ ስቆጥር ሁሉም ዜሮ ይሆንብኛል። ትናንት ከተማውን ሁሉ ቆጥሬ ዜሮ ሥራ አጥ አመጣሁ፤ አለቆቼማ አጨበጨቡልኝ!"

ጸሐፊው አልጽፍ አለ፤ ማኅተም ያዧ አልመታ አለች፤ አርቃቂው አላረቅቅ አለ፤ ቆጣሪው አልቆጥር አለ። "ለመሥራት ሳይሆን ላለመሥራቴ ይህን ያህል ልልፋ?" ብላ ደብሪቱ ለራሷ አጉረመረመች። ደግሞም ሄደች፤ ወደ ክበቡ ማድ ቤት።

እዚያ ወጥ ሠሪዋ ባፈና ከቀዝቃዛ ምድጃ ፊት እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

"እህቴ፣ ምነው አትሠሪም?"

"ሽንኩርት የምትከትፍልኝ ልጅ አግብታ ሄደች። 'ሰው ቅጠሩልኝ' ብዬ ባመለክት፣ 'በከተማው ሥራ አጥ ዜሮ ነው፣ ከየት እናምጣልሽ?' አሉኝ። እኔ ብቻዬን ከትፌ፣ አብስዬ፣ አቅርቤ አልችልም!"

ጸሐፊው አልጽፍ አለ፤ ማኅተም ያዧ አልመታ አለች፤ አርቃቂው አላረቅቅ አለ፤ ቆጣሪው አልቆጥር አለ፤ ወጥ ሠሪዋ አልሠራ አለች። ደብሪቱን ሳቅ ያዛት። ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች።

"በይ ቢላ ስጪኝ፣ እኔ ልክተፍልሽ።"

ባፈና ደነገጠች። "አንቺ ሴት! ከከተፍሽ እኮ ሠራሽ። ከሠራሽ ደግሞ ደብዳቤው ቀረብሽ።"

ደብሪቱ ሳቋ ጠፋ። ሰዓቱ ስድስት ሆኗል። ካልከተፈች ምዝገባው ያልፋታል፤ ከከተፈች ሥራ አገኘች ይሏታል። ትንሽ አሰበችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ደቦ በይው" አለች። "በደቦ ያረሰ ሰው ተቀጠረ ተብሎ ያውቃል?"

"እውነትሽን ነው፤ ደቦስ መመሪያም የለው!" አለች ባፈና፣ ቢላውን እያቀበለቻት።

ደብሪቱ ከተፈች፣ ወጥ ሠሪዋ ሠራች፤ የዓርብ ሽሮ ተንተከተከ። ቆጣሪው በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ቀና ሲል ደብሪቱን አያት። ዓይኗ በርበሬ መስሏል፤ እንባዋ እስከ አገጯ ይወርዳል።

"ምስኪን!" አለ። "ይህን ያህል የሚያስለቅስ ሥራ ማጣት ብቻ ነው። አንድ!"

ሽንኩርት ተከተፈ፣ ወጥ ሠሪዋ ሠራች፣ ቆጣሪው ቆጠረ። አርቃቂው በዚያ ሰፊ ባዶ ቦታ መካከል አንዲት ቀጭን "አንድ" ጻፈ፤ መመሪያውም ወጣ። ማኅተም ያዧ መሳቢያውን ከፍታ ባዶ ወረቀት ላይ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታች። ጸሐፊውም ጻፈ፤ መጀመሪያ ማኅተሙ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ መምጣቱን ልብ ያለው የለም።

"ደብሪቱ ሥራ የላትም" ይላል ደብዳቤው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሕይወቷ እንዲህ የሚያስደስት ቃል አንብባ አታውቅም። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነው፤ ሮጣ ትደርሳለች።

በሩ ላይ ከኋላዋ የቆመች ሌላ ሴት ክንዷን ያዘቻት። "እቴ፣ እንዴት አድርገሽ አገኘሽው? እኔንማ 'መመሪያው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ የከተማው ሥራ አጥ አንድ ናት' አሉኝ።"

ደብሪቱ ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች።

"ማድ ቤት ግቢ" አለቻት። "ቀይ ሽንኩርት ክተፊ፣ ትልልቁን። ቆጣሪው ሲመጣ ታዲያ፣ አደራሽን፣ ዓይንሽን እንዳትጠርጊ!"

ብላት ወደ ምዝገባው በረረች። እኔም እዚህ ላይ አበቃሁ፤ ወረፋ የያዘ ይግባ።