የዘርጋው ጨርቅ

የባቡር ፉጨት ለከተማችን ሰዓት በነበረበት ዘመን፣ በጥቅምት ወር፣ የእሽቅድምድም ነጂው መክብብ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። መኪናው ተቃጠለ። ሞተሩን ፈትቶ የገጠመው አጎቱ ዘርጋው ነበር።

ዘርጋው ድሃ መካኒክ ነበር። ጋራዡ የአንድ ሾላ ጥላ ነው። አንድ ልማድ ነበረው፤ የፈታውን ቡሎን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ ገጥሞ ሲጨርስ ጨርቁን በሰው ፊት ያራግፋል። ምንም ካልወደቀ ሞተሩ ይነሳል።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የመክብብ ሞተር ፒስተን ሰበረ። መክብብን ከእናቱ ሞት ወዲህ ያሳደገው ዘርጋው ነው፤ ሌላ ልጅ የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ መውጣት ነበረበት። ማንሻ የለም። ዘርጋው ገመድ በሾላው ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ከአራት የጣቢያ ወዛደሮች ጋር ጎተተ። ገመዱ መዳፉን ላጠው። ሞተሩ ወጣ። ቡሎኖቹን በጨርቁ ላይ ደረደረ።

በሁለተኛው ቀን ፒስተን ፈለገ። በከተማው አልተገኘም። ጎረቤቱ ኢብሳ የዚያው ሞዴል የቆመች ታክሲ ነበረችው።

«ውሰድ፤ ዶሮዎቼን ብቻ እንዳታስቀይምብኝ፤ ቤታቸው ናት» አለው።

ታክሲዋን ገፍተው ከሾላው ሥር አመጧት። ዘርጋው የሞተሯን ክዳን ፈታ። ቡሎኖቹን በጨርቁ ላይ ደረደረ። ፒስተኑን አወጣ፤ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

በሦስተኛው ቀን የመክብብን ሞተር ገጥሞ ጨረሰ። ረፋድ ሆኗል። መክብብ መሪው ላይ ተቀምጧል።

«ጨርቁን ላራግፍ» አለ ዘርጋው።

«ጋሼ፣ ስመለስ ያራግፉታል! የውድድሩ መነሻ ባንዲራ ሊወርድ ነው እኮ!»

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ችኩል!»

መክብብ ስቆ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ያማረ ነበር። ዘርጋው ደስ ብሎት እጁን አነሳለት።

ከዚያ ጨርቁን አራገፈ። አንድ ቡሎን ወደቀ።

ሮጠ። አቧራው ላይ ደረሰ፤ መኪናው ላይ አልደረሰም።

ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ቡሎኑን በክር አንገቱ ላይ አሰረ። መፍቻ ዳግመኛ አልነካም። የጣቢያውን ግቢ እየጠረገ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። ሰዎች «ጋሽ ዘርጋው፣ ገደሉ ነው የበላው» ሲሉት፣ «ጨርቁ ነው» ይላል። ሌላ አይናገርም። ከነቡሎኑ ተቀበረ።

እስከ ዛሬ በከተማችን ጋራዦች ሞተር ከመነሳቱ በፊት ጨርቅ በሰው ፊት ይራገፋል። የሚቸኩል ካለ «ዘርጋው ያየሃል» ይሉታል።

ዘርጋው በሞተ በዓመቱ ኢብሳ ታክሲዋን ለቁራሌው ሸጠ። የሞተሯ ክዳን ከዘርጋው ወዲህ አልተነካም ነበር። ቁራሌው ፈታው። ቀዳዳው አሥር ነው። የተገኘው ቡሎን ዘጠኝ ነበር።