የሚሄደው የድንበር ድንጋይ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

እንዲህ ነው እንጂ። ከኋላ ያላችሁት ግን ድምፃችሁን ለራት ነው ያስቀመጣችሁት? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ተረት እሳት አለበት።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር አንድ መንደር ነበረች። ከመንደሯ በላይ ጥድና ወይራ የሞላበት ዱር ነበረ። ዱሩ በሁለት ገደል መካከል እንደ ቀሚስ የተዘረጋ ነው፤ ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ይላል። ከታቹ፣ ከዘርፉ ላይ፣ ምንጭ ይፈልቃል። «እናት ውሃ» ይሉታል። ሰውም ከሱ ይጠጣል፣ ከብትም ከሱ ይጠጣል። ሌላ ውሃ የለም።

የመንደሯ ጭቃ ሹም ደመላሽ ይባል ነበር። ጭቃ ሹም ማለት ያው የዛሬውን የቀበሌ ሊቀመንበር በሉት፤ ድንበር የሚያካልል፣ ጠብ የሚያበርድ፣ ሲከፋም የሚታማ እሱ ነው። ደመላሽ ልጅ ሳለ ተራራው ዙሪያውን ዱር ነበረ። ሰዉ ለማገር ቆረጠ፣ ለሞፈር ቆረጠ፣ ለከሰል ቆረጠና የምሥራቁ ጎን ራሰ በራ ሆኖ ቀረ። የዚያ ጎን ምንጭም ደረቀ። እዚያ የነበሩት ሰዎች ቁርበታቸውን ጠቅልለው ተሰደዱ። የደመላሽ አባት ቤት አንዱ ነበር።

እንግዲህ ደመላሽ በተሾመ በሳምንቱ ምን አደረገ? በዱሩ መግቢያ ላይ እንደ ጥጃ የሚከብድ ድንጋይ ተከለ። ከዚያም ሰዉን ሰበሰበና መምሬ ውቤን አስገዘተ። መምሬም መስቀላቸውን አንሥተው እንዲህ አሉ፦ «ከዚህ ድንጋይ ወዲያ ብረት ይዞ የተገኘ ውጉዝ ይሁን።» ሰዉም አሜን አለ።

ግዝት ነዋ። ምሳር አልገባ፣ ማጭድ አልገባ። ዱሩ አገገመና ምንጩ ወፈረ። ደመላሽም ደረቱን እንደ ሙሽራ ነፋ።

በመንደሯ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። በባዶ እጇ ጭራሮ ለቅማ የምታድር፣ ዱሩን እንደ ጓዳዋ የምታውቅ፣ ምላሷ ግን ከምሳር የሚስል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሸንጎው ተነሥታ ዱሩ ታሟል ትላለች። የወደቀው ግንድ በግንድ ላይ ተከምሯል፣ ሐረጉ ደርቋል፣ ሰንበሌጡ ሰው ይውጣል፣ አንድ ፍም ቢወድቅበት ወዮልን ትላለች። በዓመት አንድ ቀን እንግባና እናጽዳው ትላለች። ደመላሽም ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነው የሚመልስላት፦

«ምሳር ከገባ አይወጣም፣ አንጓች።»

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ቸኮልን ነበር። ቸኮል የመንደሯ ጎበዝ ቆራጭ ነው፤ ለአዲሱ ቤቱ ምሰሶ የሚሆን አንድ ወይራ በዓይኑ ከመረጠ ቆይቷል። በዱሩ ባለፈ ቁጥር ወይራውን እንደ እጮኛ ያየዋል ይባላል።

መምሬ ውቤም አረጁና ሞቱ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በየካቲት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል አንጓች ከዱሩ እየሮጠች ወጣች። ጀርባዋ ላይ ጭራሮ የለም። ባዶ ጀርባዋን ሲያይ ደመላሽ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ከተራራው ማዶ ለግጦሽ የተለኮሰ እሳት ነፋስ አንሥቶት ከላይ በዱሩ አናት ገብቷል።

ሰዉ ምሳሩንም ዶማውንም ይዞ ወጣ። ወጣና ከድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አንድም እግር አላለፈም። ጭሱ ከላይ እየወረደ ነው፣ እነሱ ቆመው ድንጋይ ያያሉ። የገዘተ ይፍታ ይላል አንዱ። የገዘቱት መቃብር ውስጥ ናቸው ይላል ሌላው። ሌላ ቄስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቸኮል እንኳ ምሳሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ወይራ ቢወድም ነፍሱን አይወድም?

ለደመላሽ የአባቱ ቁርበት ሲጠቀለል ታየው። አንጓች ጠጋ አለችና ቀስ ብላ ጠየቀችው፦

«አያ ደመላሽ፣ መምሬ ገዘቱ። ድንጋዩን የተከለው ግን ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያስ እግር የለህም?»

ደመላሽ ገባው። ገባውና ላብ አጠመቀው። ስንቱን ድንበር ገፊ ፈርዶ ያስቀጣ ሰው፣ ዛሬ በአደባባይ ድንበር ሊገፋ ነው። ግን ጎንበስ አለና ድንጋዩን ነቀለ። ጋቢውን አጠፈ፣ ድንጋዩን በጀርባው አዘለና ወደ ዱሩ ገባ። ሰዉም ከኋላው ተከተለ። ድንጋዩ አንድ እርምጃ ሲሄድ ምሳሩ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ማንም አይቀድም።

ከዱሩ ወገብ ሲደርስ ደከመውና ድንጋዩን ሊያስቀምጠው አለ። አንጓች ግን እዚህ ሰንበሌጡ ብዙ ነው፣ ገና ወደ ላይ አለችው። ወደ ላይ ማለት ወደ እሳቱ ነው። የጥዱ ዘይት ሲፈነዳ ይሰማል። ፍንጣሪው ጋቢውን ይበሳዋል። ደመላሽ ሃያ እርምጃ ጨመረ። ከዚያም ድንጋዩን አስቀመጠና ወደቀ።

ያን ጊዜ ከድንጋዩ ወዲህ፣ ከገደል እስከ ገደል፣ ቆረጡ፣ አጨዱ፣ ጎተቱ፣ መሬቱ እስኪታይ ፋቁ። ቸኮል የሦስት ሰው ሥራ ሠራ፤ እውነቱ ይነገር። እሳቱ መጣና ከፋቁት መሬት አፋፍ ደረሰ። የሚበላው አጣ። ጥቂት አገሣና እዚያው ተኛ።

ሰዉ እልል ሊል ሲል፣ ጓ! የምሳር ድምፅ ተሰማ።

ቸኮል ነው። ታች ወርዶ ከወይራው ሥር ቆሟል።

«ምነው ቸኮል?» አለ ደመላሽ።

«ድንጋዩ እላይ ነው፣ ጌታው። እኔ ወዲህ ነኝ። ግዝቱ አይነካኝም።»

እውነቱን ነው እኮ። የታችኛው ዱር በሞላ፣ እናት ውሃን ያቀፈው ሁሉ፣ አሁን ከድንጋዩ ወዲህ ነው። ሌሎቹም ዛፎቹን ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። ሰው አይደል፣ ሁሉም ቤት ምሰሶ ያምረዋል። ደመላሽ የፈራው ደረሰ። ምሳር ገባ፤ ማን ያስወጣዋል? ክንዱ ተላልጧል፣ ወገቡ ተሰብሯል።

አንጓችን አያት። እሷም ድንጋዩን አየች።

ደመላሽ ተንበረከከ። ድንጋዩን እንደገና አዘለ። ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረና ቁልቁል መራመድ ጀመረ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያም አንዱ ጮኸ፦ «ድንጋዩ እየወረደ ነው፤ ካለፈን ውጉዝ ነን!»

ወይ ሩጫ! ምሳር የያዘ ሁሉ ከድንጋዩ ፊት ፊት ፈረጠጠ። ዶማ ከዶማ ተጋጨ፣ ጫማ ወለቀ፣ ሱሪ በእሾህ ተያዘ። ቸኮል አንድ ጊዜ ደገመ፤ ዘወር ሲል ድንጋዩ አሥር እርምጃ ቀርቶታል። ምሳሩ ከወይራው ውስጥ አልነቀል አለው። ጎተተ፣ ድንጋዩ አምስት እርምጃ ቀረው። ነቀለና እንደ ሚዳቋ ዘለለ። አንጓችም ከኋላው እንዲህ አለችው፦

«አያ ቸኮል፣ ገና ዛሬ ስምህን አወቅኸው።»

ደመላሽ ድንጋዩን ከቀድሞ ጉድጓዱ መለሰው። ላዩ ላይ ተቀመጠና፣ በዱሩ ውስጥ የቀረ ምሳር እንዳለ ለማወቅ የወጡትን በጣቱ ቆጠረ። አንድም የለም። ያን ጊዜ ነው የሣቀው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ሣሩ ሳይደርቅ፣ ድንጋዩ በጭቃ ሹሙ ጀርባ ዱሩን ይጎበኛል። የሚወጣውን የምታሳየው አንጓች ናት፤ የሞተው ለምድጃ፣ የቆመው ለውሃው። ማታ ድንጋዩ ይመለሳል፤ ምሳሮቹም ከፊቱ ይሮጣሉ። ወይራው ላይ ያሉት ሁለት ጠባሳዎች ዛሬም አሉ ይባላል።

ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እናንተም ተረቴን ወደ አፌ መልሱልኝ። ባዶውን ግን እንዳትመልሱት፤ በትኩስ ዳቦ ጠቅልላችሁ አጉርሱኝ።