የቀጭኔ መደበቂያ

ተረት ተረት! የሰማ ላልሰማ ያሰማ። የዱር አራዊት ደሞዝ የሚከፈለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበራቸው። የቡድኑ ረጅም ቀጭኔ ኳስ እጁ ከገባች ለማንም አያቀብልም። ጥንቸል የውድድር ዘመኑን ሙሉ እጆቿን ዘርግታ «አያ ቀጭኔ፣ ለእኔም አቀብለኝ!» ስትለው፣ ቁልቁል እንኳ ሳያያት «እመት ጥንቸል፣ ለቅርጫቱ ከእኔ የሚቀርብ ማን አለ?» ይላታል።

በመጨረሻው ግጥሚያ የተጋጣሚው ቡድን ጅቦች ከበቡት። ጥንቸል ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ እየጮኸች፣ እሱ ራሱ ወርውሮ ሳተ፤ ቡድኑም ከሊጉ ወረደ።

ቀጭኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ቁጥቋጦ ውስጥ ቢደበቅም፣ ያ የሚኮራበት አንገቱ ከቅጠሉ በላይ ለአገር ይታያል። ጥንቸል ተከትላው መጣች። ስድብ ሲጠብቅ «ና ውጣ፣ አብረን እንሂድ» አለችው። አቀርቅሮ ቢያያት፣ እጆቿ አሁንም እንደተዘረጉ ናቸው።